ሰው ሲበተን፣ ዋጋ ሲወድቅ፦ መስከረም በኦሽን ሲቲ

በዋሺንግተንና በአካባቢዋ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ኖሮ አትላንቲክን ከአውሮፕላን መስኮት በቀር ያላየ ወገናችን ብዙ ነው። ለምን ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ «መቼ ጊዜ አግኝቼ!» እውነቱን ነው። የበጋው ወራት ለእኛ የዕረፍት ሳይሆን የሥራ ወራት ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል የሚያጸዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው ወገናችን እንጀራውን የሚያገኘው ሌላው ሲዝናና ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጁላይ ወር ዕድሉን ሞክሮ ነበር። ገና ድልድዩ ሳንደርስ መንገዱ ተጨናነቀ። ሦስት ሰዓት ገደማ የሚወስደው ጉዞ ስድስት ሰዓት ፈጀ። ልጆች «ደረስን ወይ?» እያሉ አለቀሱ። ስንደርስ ደግሞ አንድ ሞቴል «ከሁለት ሌሊት በታች አናከራይም» አለን፤ ዋጋውን ስንሰማ ባሕሩንም ጭምር የምንገዛ መሰለን። ጃንጥላ የምንተክልበት ስንዝር አሸዋ አልተገኘም። ስንመለስ ባለቤቴ፣ «ለዚህ ለዚህማ ላንጋኖ ምን አደረገን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን የሰጠኝ አንድ የታክሲ ነጂ ወዳጄ ነው። «አንተ ሰው፣ ባሕር የሚኬደው በመስከረም ነው። ፈረንጁ ጓዙን ጠቅልሎ ቤቱ ሲገባ ያን ጊዜ እኛ እንወጣለን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዕንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል አንድ ቅዳሜና እሑድ እንሄዳለን።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሌበር ዴይ የሚውለው በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ወደ ትምህርቱ፣ ወላጁም ወደ ሥራው ይመለሳል። ባሕሩ ግን የሰውን ቀን አቆጣጠር አያውቅም። ውኃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀስ ብሎም ይበርዳል። በጁን መጀመሪያ ገና የሚቆነጥጠው ውኃ በመስከረም 70 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ሆኖ ይጠብቃል። በኦሽን ሲቲ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ሰው 7,000 ያህል ነው፤ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ግን ቁጥሩ እስከ 300,000 ይደርሳል። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲበተን ሞቴሉ ባዶ ክፍሉን ታቅፎ ይቀራል፤ በተለይ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ዋጋው ብዙ ጊዜ ግማሽ ይሆናል። ባሕር ወቅት እንዳለው ምጽዋን የሚያውቅ አይጠፋውም፤ እዚያም በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ አያስቀምጥም፣ ሰው ከደጋው የሚወርደው በታኅሣሥና በጥር ነው።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። ሩት 50ን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ ስትጓዙ፣ አናፖሊስ አጠገብ ሃይላንድ ቢች የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የዝነኛው ታጋይ የፍሬድሪክ ዳግላስ ልጅ ቻርልስ ዳግላስ በአቅራቢያው ወዳለ መዝናኛ ምግብ ሊበላ ቢሄድ፣ ጥቁር በመሆኑ ተባረረ። አልቅሶ አልቀረም፤ በ1893 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) እዚያው ጎረቤት መሬት ገዝቶ የጥቁሮችን የባሕር ዳር መንደር ቆረቆረ። ለአባቱ ያሠራለት ቤት ሳያልቅ ዳግላስ በ1895 አረፈ። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ቀጥሎ የቼሳፒክ ድልድይ አለ፤ የመጀመሪያው በ1952፣ ሁለተኛው በ1973 የተከፈተ፣ ከአራት ማይል በላይ የሚረዝም። ከፍታውን የሚፈሩ ሰዎችን መኪናቸውን እየነዱ በክፍያ የሚያሻግሩ ሠራተኞች እንኳ አሉ። ቀረጡ የሚከፈለው ሲኬድ ብቻ ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ የምታልፉበት የታልቦት አውራጃ ደግሞ ፍሬድሪክ ዳግላስ ባሪያ ሆኖ የተወለደበት ነው፤ በኢስተን ከተማ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ በ2011 ሐውልት ቆሞለታል። አባትየው በባርነት ከተወለደበት ምድር ማዶ ልጁ የራሱን ባሕር ዳር ገዛ ማለት ነው።

ኦሽን ሲቲ ስትደርሱ ደግሞ ብዙ ጎብኚ የማያውቀው ታሪክ ይጠብቃችኋል። በመድልዎ ዘመን ጥቁር አሜሪካዊ በዚህች ከተማ ክፍል ያነጥፋል፣ ሳህን ያጥባል እንጂ በአሸዋው ላይ አይቀመጥም ነበር። የሚፈቀድለት የበጋው ወራት ካለፈና ነጩ ከሄደ በኋላ በተመደቡ ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። እነዚያ ቀናት እኛ ዛሬ «ርካሽ ነው» ብለን የምንመርጣቸው የመስከረም ቀናት ናቸው። ለእነሱ የተጣለላቸው ትርፍራፊ ለእኛ ምርጫ ሆነ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ባይወጣ፣ እነዚያም ሰዎች ባይታገሉ ኖሮ እኛም ክፍል ለመከራየት ሳይሆን ለማንጠፍ ብቻ እንገባ ነበር። በቦርድዎኩ ላይ ስንንሸራሸር ይህን ብናስብ መልካም ነው፤ ለልጆቻችን ብንነግር ደግሞ የበለጠ።

አምና የባለቤቴን እናት ይዘናቸው ሄድን። ልጆች ሊያሳድጉልን የመጡ የመንዝ ሰው ናቸው። እንደ ብዙዎቹ እናቶቻችን ሁሉ አሜሪካ ማለት ለእሳቸው አፓርታማው፣ ሊፍቱና የእሑድ ቤተ ክርስቲያን ናት። በበጋ ቢሆን ግፊያውን አይችሉትም ነበር። በመስከረም ግን ቦርድዎኩ ሦስት ማይል ገደማ ሜዳ ነው፤ ወንበሩም ባዶ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

«ዳርቻው የት ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ከወዲያ ማዶ ፖርቱጋል ነው።»

«እነዚያ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የመጡልን?»

«አዎን፣ እነሱ ናቸው።»

«ይህን ሁሉ ውኃ አቋርጠው!» አሉና ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። እሳቸው ዓባይንም አይተዋል፤ የዚያን ቀን ግን ምንም አላነጻጸሩም። በማግሥቱ በጠዋት ከሁላችን ቀድመው ለብሰው በሩ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄውን እንናገር። የመስከረም ባሕር የዋህ መስሎ ይታያል፤ ግን አይደለም። የአውሎ ነፋሱ ወራት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የሚበረታውም በሴፕቴምበር ነው። በመቶዎች ማይል ርቆ የሚያልፍ ማዕበል በጠራ ሰማይ ሥር አደገኛ ሞገድ ይልካል። የባሕር ዳር ጠባቂዎች ደግሞ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሥራቸውን ያቆማሉ። አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፤ ስለዚህ ጠባቂ በሌለበት ከጉልበት በላይ አትግቡ፤ ልጆችን ለአንድ ደቂቃም ከዓይናችሁ አታርቁ። ወደ ውስጥ የሚጎትት ውኃ የያዘው ሰው ከውኃው ጋር አይታገል፤ ጎን ለጎን ከዳርቻው ጋር ትይዩ ይዋኝ፤ ካልቻለ ተንሳፎ እጁን ያውለብልብ። ያየው ሰው ዘሎ አይግባ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውርለት፤ 911 ይደውል።

ከዚያ የቀረው ቀላል ነው። ብዙ ምግብ ቤቶች በዚህ ወቅት በሥራ ቀን ይዘጋሉ። የአካባቢው ሸርጣን በመጸው ይሰባል ይባላል፤ የእኛ እናቶች ግን ከነስሙም አይወዱትም። ስለዚህ ድፎ ዳቦውንና ቋንጣ ፍርፍሩን፣ ረቡዕና ዓርብ ከሆነም የጾሙን፣ ከቡና ፔርሙዝ ጋር መያዝ ይሻላል። ክፍል ስትከራዩ በዚያ ሰሞን ትልቅ ፌስቲቫል ወይም የመኪና ትርኢት አለመኖሩን ጠይቁ፤ ካለ ዋጋው እንደ ጁላይ ነው። ትንሽ ጊዜ ካላችሁ ወደ አሳቲግ ደሴት ጎራ በሉ። በ1933 የተነሣ ማዕበል ከኦሽን ሲቲ ቆርጦ የለየው ምድር ነው፤ የዱር ፈረሶች በአሸዋው ላይ ይግጣሉ። ከሩቅ እዩአቸው እንጂ አትጠጉ፤ ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉም።

እማማ ዘንድሮ ገና ነሐሴ ሳይጋመስ «ያ ውኃ መቼ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ዕንቁጣጣሽ ያልፍ ብለናቸዋል።