ቁጥሩ ሲያምር አትቸኩሉ

ታላቅ ወንድሜ የደም ካንሰር ታካሚ ነው። በቀደም የላብራቶሪ ውጤቱን በቴሌግራም ላከልኝ፤ ክሬቲኒን 0.6። ከኬሞው በፊት 0.9 ነበር። «ኩላሊቴ ተሻለው!» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ዶክተሯ ግን ከወረቀቱ በፊት ያዩት ክንዱን ነው። «ስንት ኪሎ ቀነስክ?» ብለው ጠየቁት። አሥራ አንድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይከማቻል። ጡንቻ ሲከሳ ደግሞ ከምንጩ ያንሳል። ስለዚህ ኩላሊት ተጎድቶም ቁጥሩ ሊያምር ይችላል።

ኢኮኖሚክስ ስማር ይሄን አውቀዋለሁ። ሰው ተስፋ ቆርጦ ሥራ መፈለግ ሲያቆም የሥራ አጥነት ምጣኔው ይወርዳል። ሥራ ግን አልተገኘም።

ታዲያ ምን ችግር አለው? እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ የሉኪሚያ መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚወጡት በኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ሳይችል ሙሉ መጠን ከተሰጠ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ቆይቶ ይመርዛል።

ዶክተሯ ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ የደም ምርመራ ጨመሩ። ይሄኛው በጡንቻ ብዛት ያን ያህል አይለዋወጥም። እሱም ቢሆን በስቴሮይድ መድኃኒት ሊዛባ ስለሚችል ሁለቱን አንድ ላይ አዩት። የወንድሜ ኩላሊት ካሰብነው በታች ሆኖ ተገኘ፤ የመድኃኒቱ መጠን ተቀነሰ።

እናንተም ታማሚ ካላችሁ ውጤቱን ስክሪንሹት አድርጋችሁ «ኖርማል ነው» ከማለታችሁ በፊት የቀነሰውን ኪሎ ለሐኪሙ ንገሩ። ወንድሜ አሁን በየሳምንቱ ይመዘናል። ቴሌግራም ላይ የሚልክልኝም መጀመሪያ ኪሎውን ነው።