ፎርማት ይደረግ ወይስ አፕግሬድ?

ላፕቶፕዎ ተንቀርፎብዎ ወደ ጥገና ቤት ይዘውት ቢሄዱ፣ ብዙ ጊዜ ገና ሳይከፈት የሚሰሙት መልስ «ፎርማት ይደረጋል» የሚል ነው። ለሠራተኛው ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። የልጅዎ የመጀመሪያ ልደት ፎቶ ግን ያለው እርስዎ ላፕቶፕ ውስጥ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። መንገዱ ሁለት ነው። አፕግሬድ ሲያደርጉ ፋይሎችዎ፣ ፕሮግራሞችዎና ያስተካከሏቸው ነገሮች ባሉበት ይቆያሉ። እንደ አዲስ ሲጫን ግን ሁሉም ተጠርጎ ከባዶ ይጀመራል።

በመጀመሪያ ማሽንዎ ይችል እንደሆነ ይወቁ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ፒሲ ሄልዝ ቼክ የተባለ ፕሮግራም በደቂቃ ውስጥ ይነግርዎታል።

ኮምፒውተሩ ጤናማ ከሆነና ሥራዎን ካላስተጓጎለ፣ እኔ የምመርጠው አፕግሬድ ነው። ካልተስማማዎት በ10 ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ ይችላሉ። የቤት ሒሳብ ወይም የድርጅት ፕሮግራም የተጫነበት ከሆነማ ምርጫው ግልጽ ነው፤ የመጫኛ ዲስኩና ቁልፍ ቁጥሩ የት እንዳለ ማን ያስታውሳል? ቫይረስ የገባበት፣ በየሰዓቱ የሚዘጋ ወይም ሁለተኛ እጅ የተገዛ ኮምፒውተር ግን እንደ አዲስ ቢጫን ይሻላል። የቆየ ችግር በአፕግሬድ አብሮ ሊሻገር ይችላልና። (በነገራችን ላይ የብዙ አሮጌ ላፕቶፖች መንቀርፈፍ ከሶፍትዌሩ ይልቅ ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው፤ በኤስኤስዲ ቢቀየር ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል።)

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ «ዲ ድራይቭ ስለማይነካ ችግር የለም» ይባላል። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡት፣ ዶክመንትስ ውስጥ ያለው፣ ከቴሌግራም ያወረዱት ሁሉ ግን በአብዛኛው የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ላይ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ቢመርጡ አስቀድመው ሁሉንም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከገለበጡም በኋላ ሁለት ሦስት ፎቶ ከፍተው ይመልከቱ። በብሮውዘሩ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንም አይርሱ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች ካሉዎት ፎንቱን አብረው ያስቀምጡ፤ ያለ እሱ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል።

ሥራው ሲጀመር ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሁን፣ ባትሪውም ይሙላ። መብራት ቢጠፋ መሐል መንገድ ላይ እንዳይቀር። ለጥገና ቤት ከሰጡት ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «የምትጭኑት በክራክ ነው?» ዊንዶውሱ ከፋብሪካ የመጣ ሕጋዊ ከሆነ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይነቃል። ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ፕሮግራም የባንክ አካውንትዎን የሚከፍቱበትን ኮምፒውተር «ማስነቃት» አያስፈልግም።