ሽልማትና ደንቡ፦ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ሽልማቶች የሚያዩትና የማያዩት

በየዓመቱ መስከረም ሊያልቅ ሲል ከስቶክሆልም የሚነገረው የኖቤል ተሸላሚዎች ስም፣ በብዙ አድማጭ ዘንድ የዓለም ሳይንስ በሙሉ ተመዝኖ ብልጫ ያለው ሥራ እንደተለየበት ውሳኔ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ ማንኛውም ሽልማት ከሁሉ በፊት የተጻፈ ደንብ ነው፤ የትኛው የሙያ ዘርፍ እንደሚታይ፣ ዕጩ የሚጠቁመው ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው ሊጋራው እንደሚችልና ለሞተ ሰው ይሰጥ እንደሆነ የሚወሰነው ተመራማሪው ሥራውን ከመጀመሩ፣ አንዳንዴም ከመወለዱ በፊት፣ ሽልማቱን ባቋቋመው ሰው ወይም የእርሱን ቃል በተረከቡ ተቋማት ነው። ስለዚህ የአንድ ሽልማት ክብደት የሚለካው ከነደንቡ ሲታይ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኖቤል ሽልማት መነሻ የአንድ ሰው ኑዛዜ ነው። በ1867 ዲናሚት የተባለውን ፈንጂ በስማቸው ያስመዘገቡት ስዊድናዊው ኬሚስትና የኢንዱስትሪ ባለሀብት አልፍሬድ ኖቤል፣ የመጨረሻ ኑዛዜያቸውን ኅዳር 27 ቀን 1895 በፓሪስ ከፈረሙ በኋላ በተከታዩ ዓመት ታኅሣሥ 10 ቀን ሳን ሬሞ በተባለች የኢጣልያ ከተማ አረፉ። ኑዛዜው 31 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር ገደማ የሚሆነው ሀብታቸው ለትርፍ እንዲውልና ዓመታዊ ወለዱ በአምስት እኩል ተከፍሎ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በሕክምና፣ በሥነ ጽሑፍና በሰላም ለሰው ልጅ ታላቅ ጥቅም ላበረከቱ ሰዎች እንዲሰጥ ያዝዛል። ዘመዶቻቸው ኑዛዜውን ተቃወሙ፤ መራጭ ተብለው በስም የተጠሩት ተቋማትም አስቀድሞ ያማከራቸው ስላልነበረ ኃላፊነቱን ለመቀበል አመነቱ። ክርክሩ ተቋጭቶ የኖቤል ፋውንዴሽን የቆመው በ1900 ሲሆን፣ በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ ሽልማት በተለምዶ ራጅ የሚባለውን ጨረር ላገኙት ለጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ተሰጠ።

ኑዛዜው ሽልማቱ ባለፈው ዓመት ለተሠራ ሥራ እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ በተግባር ግን ይህ ቃል ብዙም አልተሠራበትም፤ አንድ ግኝት እውነተኛነቱና ጠቀሜታው የሚረጋገጠው ሌሎች ተመራማሪዎች ደጋግመው ሲፈትኑት በመሆኑ የጥበቃው ዘመን እየረዘመ ሄደ። አሜሪካዊው ሐኪም ፔይተን ራውስ በዶሮዎች ላይ ዕጢ የሚያስከትል ቫይረስ መኖሩን ያሳወቁት በ1911 ሲሆን የተሸለሙት በ1966፣ ማለትም ከ55 ዓመት በኋላ ነው። ለጥንቃቄው በቂ ምክንያት ነበረ። የ1926ቱን የሕክምና ሽልማት የወሰዱት ዴንማርካዊው ዮሃንስ ፊቢገር፣ በአይጦች ላይ ካንሰር የሚያስነሳው አንድ የትል ዓይነት መሆኑን አረጋግጠዋል ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ግን መደምደሚያቸው ስሕተት እንደነበረ አሳዩ፤ ሽልማቱም በስማቸው እንደተመዘገበ ቀረ።

መጠበቅም የራሱ ዋጋ አለው። ከ1974 ጀምሮ የጸናው ደንብ፣ ተሸላሚው ስሙ ከተነገረ በኋላ ካልሞተ በቀር፣ ለሟች ሽልማት እንዳይሰጥ ይከለክላል። ፍራንሷ አንግለርና ሮበርት ብራውት በቤልጅየም፣ ፒተር ሂግስ በብሪታንያ ሆነው፣ መሠረታዊ የሚባሉት የቁስ ቅንጣቶች ክብደታቸውን እንዴት እንደሚያገኙ የሚያስረዳውን ንድፈ ሐሳብ በ1964 አሳተሙ። ንድፈ ሐሳቡ ሊኖር ይገባዋል ያለው ቅንጣት በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሴርን የምርምር ማዕከል የታየው በ2012 ነበር፤ በ2013 ሂግስና አንግለር ሲሸለሙ ብራውት ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ስለነበር ስማቸው ከተሸላሚዎቹ መዝገብ ቀረ።

ከሁሉም ይልቅ ከዘመናችን የሳይንስ አሠራር ጋር የሚጋጨው ግን አንድን ሽልማት ከሦስት ሰው በላይ እንዳይጋራው የሚደነግገው አንቀጽ ነው። መስከረም 14 ቀን 2015 በአሜሪካ ሉዊዚያናና ዋሽንግተን ግዛቶች የተተከሉት የላይጎ መሣሪያዎች የስበት ሞገድን፣ ማለትም ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተጋጭተው ሲዋሐዱ በራሱ በኅዋው ላይ የሚፈጠረውን እጅግ ረቂቅ ንዝረት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገቡ። ግኝቱን ያበሠረውን ጽሑፍ የፈረሙት ተመራማሪዎች ከአንድ ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ በ2017 የፊዚክስ ሽልማቱን የተቀበሉት ሬይነር ዋይስ፣ ባሪ ባሪሽና ኪፕ ቶርን ናቸው። ሦስቱ መሸለማቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሰላም ሽልማት ለድርጅቶች ሲሰጥ እየታየ የሳይንሱ ሽልማት እስካሁን በግለሰብ ስም ብቻ መወሰኑ፣ ትልቅ ግኝት ሁልጊዜ የጥቂት ሊቃውንት ሥራ እንደሆነ የሚያስመስል አሮጌ ሥዕል እንዲቆይ አድርጎታል።

ጥቆማውም ዝግ ነው። ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ፣ ለሕክምና ደግሞ የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የኖቤል ጉባኤ የሚመርጡ ሲሆን፣ ዕጩ ለመጠቆም የሚችሉት ቀድሞ የተሸለሙ ሰዎች፣ የአካዳሚው አባላት፣ የስካንዲኔቪያ ፕሮፌሰሮችና በየዓመቱ ተመርጠው ደብዳቤ የሚደርሳቸው ምሁራን ናቸው፤ ራሱን የሚጠቁም ሰው ተቀባይነት የለውም፤ መዝገቡም ለ50 ዓመት ተቆልፎ ይቆያል። መዝገቡ ሲከፈት ብዙ ነገር ይገለጣል። የአቶም አስኳል ለሁለት መሰንጠቁን፣ ይኸውም የኑክሌር ኃይል መሠረት የሆነውን ክስተት፣ በፊዚክስ ሕግ ያብራሩት ሊዘ ማይትነር ከእኅታቸው ልጅ ከኦቶ ፍሪሽ ጋር ሆነው ነበር፤ የ1944 የኬሚስትሪ ሽልማት ግን ለረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባቸው ለኦቶ ሃን ብቻ ተሰጠ። ማይትነር በሕይወት ዘመናቸው ከ40 ጊዜ በላይ ተጠቁመው አንድም ጊዜ አልተሸለሙም። በ1967 በካምብሪጅ ተማሪ ሳሉ ፑልሳር የተባሉትን በየቅጽበቱ የሬዲዮ ምልክት የሚልኩ ከዋክብት ያገኙት ጆሴሊን ቤል በርኔልም በ1974 ሽልማቱ ለአስተማሪያቸው ሲሰጥ ታልፈዋል።

የኖቤል ኑዛዜ ያልዳሰሳቸው ዘርፎች ሌሎች ሽልማቶችን ወልደዋል። ሒሳብ ለምን እንደተተወ ሲጠየቅ፣ አንድ የሒሳብ ሊቅ የኖቤልን ሚስት ስለወሰደባቸው ነው የሚል ወሬ ይነገራል፤ ኖቤል ግን ሚስት አግብተው አያውቁም። ክፍተቱን ከ1936 ጀምሮ የሚሞላው፣ አሁን በየአራት ዓመቱ ዕድሜያቸው ከ40 ላልበለጠ የሒሳብ ሊቃውንት የሚሰጠው የፊልድስ ሜዳሊያ ነው፤ በ2014 ይህን ሜዳሊያ በማግኘት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛኻኒ ነበሩ። ከ2003 ወዲህ የዕድሜ ገደብ የሌለው የኖርዌይ የአቤል ሽልማት ተጨምሯል። የኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ ከ1966 አንስቶ የቱሪንግ ሽልማት አለው። በ2012 የቴክኖሎጂ ባለሀብቶች ያቋቋሙት የብሬክስሩ ሽልማት ሦስት ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል ሲሆን፣ የፊልድስ ሜዳሊያ 15 ሺህ የካናዳ ዶላር ብቻ ነው፤ ሆኖም በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የትኛው ይበልጥ እንደሚከበር ለመናገር የገንዘቡ መጠን አይረዳም። ብሬክስሩ ቢያንስ አንድ ቅሬታ ክሷል፦ በ2018 ልዩ ሽልማቱን ለቤል በርኔል ሰጠ፤ እርሳቸውም ገንዘቡን በሙሉ የፊዚክስ ትምህርት ዕድል ለሚያጡ ወገኖች ማስተማሪያ አዋሉት። በዘርፎቹ መካከል ያለው ወሰንም እየላላ ነው፤ የ2018ን የቱሪንግ ሽልማት ከተጋሩት ሦስት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ጄፍሪ ሂንተን በ2024 ከጆን ሆፕፊልድ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በጉልህ የሚታዩት ደግሞ ኖቤል ስፍራ ባልሰጠው በግብርና ነው። የስንዴ ዝርያ ያሻሻሉት ኖርማን ቦርላግ በ1970 የተሸለሙት ሳይንሳቸው የሚመደብበት ዘርፍ ስላልነበረ በሰላም ነበር፤ እርሳቸውም ክፍተቱን ለመድፈን የዓለም የምግብ ሽልማት በ1986 እንዲቋቋም አደረጉ። በ2009 ይህን ሽልማት ያገኙት በኦሎንኮሚ ተወልደው፣ በጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። ፕሮፌሰሩ በሱዳን ሲሠሩ በ1983 ለገበሬዎች የቀረበው ሃጊን ዱራ-1 የተሰኘ ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አንዱ ሥራቸው ሲሆን፣ ጥልቀት ያለው ግን አቀንጭራን የመከላከል ምርምራቸው ነው። አቀንጭራ በማሽላ፣ በበቆሎና በዳጉሳ ሥር ላይ ተጣብቆ ውኃና ምግብ የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው፤ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ ከአፈር ደቃቅነት የማይለዩ ዘሮችን ያረግፋል፤ ዘሮቹም ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሳይሞቱ ይቆያሉ። የሚበቅሉት ከአስተናጋጁ ሰብል ሥር የሚመነጭ የተወሰነ ኬሚካል ሲደርሳቸው ብቻ በመሆኑ፣ ገቢሳና የፐርዱ ባልደረቦቻቸው ይህን ኬሚካል በጣም ጥቂት ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው ባሕርዩን በማዳቀል ምርታማ ወደሆኑ ዝርያዎች አሻገሩ። ገበሬው መድኃኒት መግዛት ሳያስፈልገው መከላከያው በዘሩ ውስጥ ይመጣለታል፤ የሥራው ትልቅነትም እዚህ ላይ ነው።

የእንዶድ ታሪክ ይበልጥ አከራካሪ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ፤ የብልሃርዝያ ጥገኛ ተሐዋስ ወደ ሰው የሚሸጋገረው በቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ስለሆነ፣ ተክሉ በርካሽና በየመንደሩ ሊዘጋጅ የሚችል መከላከያ እንደሚሆን ተረዱ። ሆኖም ዓለም አቀፍ ተቋማት የእንዶድን ደህንነት የሚያረጋግጥ በደረጃው የተሟላ የመርዛማነት ምርመራ እስኪቀርብ ድረስ ድጋፍ ለመስጠት አመነቱ፤ ለዚያ ምርመራ የሚያስፈልገውም ገንዘብና ቤተ ሙከራ በአዲስ አበባ አልነበረም። አክሊሉና የሥራ አጋራቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የተሸለሙት በራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ነው፤ ይህም ያኮብ ፎን ዩክስኩል ቀደም ሲል የኖቤል ፋውንዴሽን ተጨማሪ ዘርፍ እንዲከፍት ጠይቀው እምቢ ስለተባሉ በ1980 ያቋቋሙት ሽልማት ነው።

ለሕክምና የሚሰጠው ኖቤል ከባህላዊ እውቀት የተገኘ ተክልን እንደማይንቅ በ2015 ታይቷል፤ በዚያ ዓመት ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከጥንት የአገራቸው የመድኃኒት ጽሑፍ ተነሥተው አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በማግኘታቸው ከተሸላሚዎቹ አንዷ ሆነዋል። ልዩነቱ አርቴሚሲኒን ከኋላው የመንግሥት የምርምር ፕሮግራም ስለነበረው በሰው ላይ ተፈትኖ በዓለም ዙሪያ ጥቅም ላይ መዋሉ ነው፤ እንዶድ ግን ያን መንገድ አልጨረሰም። አክሊሉ ለማ በ1997 አርፈዋል፤ የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።