ፈረስዎ አንድ ዓይኑን ከጨፈነ “ነገ ይሻለዋል” አይበሉ

እንደ ደብረ ብርሃንና ቢሾፍቱ ባሉ ከተሞች ለብዙ ቤተሰብ የጋሪ ፈረስ ማለት እንጀራ ነው። ፈረሱ ደግሞ ዓይኑን ሲያመው አይናገርም፤ ምልክቱን ማየት ያለብን እኛ ነን።

ፊት ለፊቱ ቆመው ሁለቱን ዓይኖች ያስተያዩ። የጤነኛው ዓይን ሽፋሽፍት ወደ ፊት ቀና ያለ ነው፤ የሚያመው ግን ወደ ታች ያዘነብላል። እንባ መብዛት፣ ብርሃን መሸሽ፣ እብጠት፣ ዓይኑ ላይ እንደ ጭጋግ ያለ ነጭ ነገር ካዩ ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ለምን ዛሬውኑ? ገለባ ወይም ጅራፍ የጫረው ዓይንና ከውስጥ የተቆጣ ዓይን ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ለምሳሌ ዴክሳሜታዞን ያለበት ቅባት ለውስጥ ቁጣ ይረዳል። የተጫረ ዓይን ላይ ከገባ ግን ቁስሉን ያብሰዋል፤ ዓይኑን እስከማጥፋትም ይደርሳል። ሐኪሙ ልዩ ቀለም ጠብ አድርጎ ቁስል መኖሩን ያረጋግጣል። ስለዚህ ቤት የተረፈ ቅባት፣ ጨው ወይም የታኘከ ቅጠል አይሞክሩ።

ሐኪም እስኪያየው፦
✅ ከጋሪው ፈትተው ጥላ ውስጥ ያቁሙት
✅ ዓይኑን እንዳያሽና ዝንብ እንዳያርፍበት ይጠብቁ
✅ በዙሪያው ያለውን እዥ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ
❌ የተሰካ ነገር ካለ አይንቀሉ

የአንድ ቀን ገቢ መቅረቱ ከባድ ነው። ግን አንድ ዓይኑ የጠፋ ፈረስ በዚያ በኩል የሚመጣውን ባጃጅ አያይም።

ጋሪ ላለው ወዳጅዎ ሼር ያድርጉት።