ተጨማሪ መረጃ፦ ከጎንደር ላሊበላ በስንት ደቂቃ?

ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላው ያለው የአየር ርቀት ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና ግን በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና ስለሚዞር መንገዱ እጅግ ይረዝምበታል።

ለምሳሌ ዳሽ 8 ኪው 400 የተባለው አውሮፕላን በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ይበራል። 180ን ለ667 አካፍላችሁ በ60 ብታባዙ 16 ደቂቃ ገደማ ታገኛላችሁ። ትክክለኛው ጉዞ ግን ከዚህ ይበልጣል!

የበረራ ሰሌዳ የሚያሰፍረው የብሎክ ጊዜን ነው፤ ይኸውም አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነሣበት ቅጽበት አንሥቶ በመድረሻው እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው በዝግታ ያመራል፤ ሽቅብ ሲወጣም ሆነ ለማረፍ ሲወርድ ሙሉ ፍጥነቱን አይጠቀምም። በአጭር በረራ ላይ ይህ ሁሉ ከጉዞው ሰፊውን ድርሻ ይወስዳል።

በካርታችሁ ላይ የሁለቱን ከተሞች ርቀት በማስመሪያ፣ የመኪናውን መንገድ ደግሞ በክር ለኩና በስኬሉ አስልታችሁ አነጻጽሩ።