ልብና አንጎል በአንድ ጊዜ ሲታመሙ፦ ከወረርሽኙ ዘመን ለትምህርት ቤቶች የተገኘ ትምህርት

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ መገኘቱ በይፋ ተገለጠ፤ መጋቢት 7 ቀንም ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ሁለቱም ወረርሽኞች በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት በሳንባ በሽታነታቸው ነው። ይሁን እንጂ የኮሮና ቫይረስ የደም ሥሮችንም የሚያውክ መሆኑ ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በሌሎች ላይ ስትሮክ፣ በጥቂቶች ላይ ደግሞ ሁለቱ በአንድነት ታይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን መገጣጠም ምክንያት ማስረዳት፣ እንዲሁም በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከዚህ ምን ሊማሩ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

1. የአደጋው መንስኤ

ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚባለው ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ሲዘጋና ጡንቻው ኦክሲጅን አጥቶ መሞት ሲጀምር የሚደርሰው አደጋ ነው። ስትሮክም በአብዛኛው የአንጎል የደም ቧንቧ ሲዘጋ፣ አንዳንድ ጊዜም ቧንቧው ፈንድቶ ደም ሲፈስ የሚከሠት ነው። ሰውነት ብርቱ ተላላፊ በሽታን በሚዋጋበት ወቅት የደም ሥሮች የውስጥ ገጽ ይቈጣል፤ ደሙም ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት ይፈጥናል። ቀድሞውኑ በስብ የጠበበ ቧንቧ ካለ በዚህ ጊዜ የመዘጋቱ ዕድል ይጨምራል።

ይህ በኮሮና ብቻ የተወሰነ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የታተመ የካናዳ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድል ስድስት እጥፍ ያህል ከፍ ማለቱን አሳይቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የስዊድን ጥናትም ከ86,000 በላይ የኮሮና ሕሙማንን ተከታትሎ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የልብ ሕመምም ሆነ የስትሮክ ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አመልክቷል።

2. ሁለቱ የሚገጣጠሙበት መንገድ

የሁለቱ መገጣጠም እምብዛም የማያጋጥም ነው፤ ሲያጋጥም ግን እጅግ አደገኛ ነው። መንገዶቹም ከአንድ በላይ ናቸው። አንደኛ፣ በብርቱ ሕመም ጊዜ ደም በብዙ ቦታ ሊረጋ ስለሚችል የልብና የአንጎል ቧንቧዎች በአንድ ወቅት ሊዘጉ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የተጐዳ ልብ በደንብ ስለማይኰማተር በውስጡ ደም ይረጋል፤ ከዚያም ቍራጩ ተነሥቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የልብ ምት ሥርዓቱን ሲያጣ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ተከፋፍሎ አንዱ ቍራጭ ወደ አንጎል፣ ሌላው ወደ ልብ ጡንቻ ቧንቧ ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ በኢትዮጵያ ልዩ ትኩረት የሚያሻው ነው። ሕፃናትን የሚይዘው በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ የቁርጥማት ትኩሳት አስከትሎ የልብ ቫልቮችን ሊያበላሽ ይችላል። የቫልቭ ሕመም የልብ ምትን ያዛባል፤ በመሆኑም በዚህ አገር ስትሮክ የአዛውንቶች ብቻ ሳይሆን የወጣቶችም በሽታ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

3. ሕክምናው የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በሁለቱ መገጣጠም ለሐኪም የሚደቀነው ችግር፣ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ሌላውን ሊጐዳ መቻሉ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ለልብ የሚሰጠው በአንድ መጠን፣ ለአንጎል የሚሰጠው በሌላ መጠን ነው። የደም መርጋትን የሚከላከሉ መድኃኒቶችም አንጎል ውስጥ ደም እየፈሰሰ ከሆነ አደጋውን ያባብሳሉ። ስለዚህ ማናቸውም መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የአንጎል ሲቲ ስካንና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያስፈልጋሉ። በቧንቧ መዘጋት ለመጣ ስትሮክ የሚያሟሟው መድኃኒት እንደ ደንቡ የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ሌላው ችግር የልብ ሕመሙ መደበቁ ነው። በስትሮክ ምክንያት አንደበቱ የተያዘ ሰው «ደረቴን ጨመቀኝ» ብሎ ሊናገር አይችልም። በቦታው የነበረ ሰው ያየውን ካልተናገረለት ሐኪሙ ዋናውን ምልክት ሊያጣ ይችላል።

4. ርቀት በሰዓት ሲለካ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ትገኛለች፤ የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከጮቄ ግርጌ ካሉ መንደሮች ሕመምተኛ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ በክረምት ጭቃው ጕዞውን ያራዝመዋል። ለከፍተኛ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ መምህር ከጧቱ 3 ሰዓት በሰሌዳው ፊት ሳለ ጠመኔው ከእጁ ቢወድቅና አፉ ወደ አንድ ጎን ቢጣመም፣ ከላይ የተጠቀሰው የጊዜ ገደብ የሚያልቀው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። «ምች መታው» ተብሎ ዳማ ከሴ ሲፈለግ፣ ወይም «ይረፍና ይነሣል» ተብሎ ሲጠበቅ እኩለ ቀን ከደረሰ የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ይሆናል። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት በብዙ አገሮች በድንገተኛ የልብ ሕመም ወደ ሆስፒታል የሚመጡት ሰዎች ቍጥር ቀንሶ ነበር፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ሰዎች ቫይረሱን ፈርተው ከቤት መቅረታቸው ነው። በየመንደሩ የታየው የዘመኑ ፍርሃት ሌላ ሞት ሊጨምር እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

5. የመምህሩ ድርሻ

ከመምህሩ የሚጠበቀው ሕክምና ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ሀ) የስትሮክን ምልክቶች ማወቅ፦ ፊት ወደ አንድ ጎን መጣመም፣ ሁለት እጅ ሲዘረጋ አንዱ መውደቅ፣ ንግግር መኰላተፍ።

ለ) የልብን ምልክቶች ማወቅ፦ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሰማ የደረት መጨምደድ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ።

ሐ) ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየበትን ሰዓትና ከመውደቁ በፊት ያሰማውን ስሞታ ጽፎ ከአስታማሚው ጋር መላክ።

መ) የስትሮክ ምልክት ላለበት ሰው ውኃም ምግብም አለመስጠት፤ መዋጥ ተስኖት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። አስፕሪንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመስጠት።

ሠ) ጉሮሮውን የታመመና ትኩሳት ያለበት ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ለወላጆች ማስረዳት። እንጥል ማስቈረጥ የቁርጥማት ትኩሳትን አይከላከልም፤ በሐኪም የሚታዘዝ ፔኒሲሊን ግን ይከላከላል።

6. ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ማብቃቱን አስታውቋል። ልብንና አንጎልን ለዚህ አደጋ የሚያጋልጡት የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆና ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ግን አላበቁም። ስለዚህ የደም ዝውውር በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ሲሰጥ ከሥዕሉ ጋር እነዚህም ቢብራሩ፣ ትምህርቱ ከተማሪው ወደ ወላጅ ቤት ይደርሳል። ዕቅድ አውጪዎችም የትምህርት ቤቶችን ርቀት ከሆስፒታል በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን፣ በበጋና በክረምት በሚፈጀው ሰዓት ጭምር ቢመዘግቡ፣ አስቀድሞ የመጓጓዣ ዝግጅት የሚያስፈልጋቸው ቦታዎች ተለይተው ይታወቃሉ። የልብና የአንጎል ሕመም በአንድነት ሲመጣ የሐኪሙ ሥራ የሚጀምረው ሆስፒታል በር ላይ ቢሆንም፣ ሰዓቱ መቈጠር የሚጀምረው ሰውዬው በወደቀበት ክፍል ውስጥ ነው።