ሁለት ቦርሳ፣ አንድ መንገድ፦ ባልና ሚስት በየካና በእንጦጦ

በዚህ ዓመት ከባለቤታችሁ ጋር ብቻችሁን ስንት ሰዓት በእግር ሄዳችኋል? ጥያቄው ስለ ታክሲ ወረፋ፣ ስለ ገበያ ወይም ስለ ለቅሶ ቤት አይደለም። የሚያጣድፍ ጉዳይ ሳይኖር፣ ሁለታችሁ ጎን ለጎን የሄዳችሁበትን ጊዜ ማለታችን ነው። ብዙ ባለትዳሮች ይህን ሲጠየቁ ጥቂት ያስቡና የጫጉላ ጊዜያቸውን ያነሣሉ።

ምክንያቱ ይታወቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ አለ። ቅዳሜን ሰርግ፣ እድርና የልጆች ጉዳይ ይሻሙታል። እሑድ ደግሞ እርሱ በሽማግሌዎች ስብሰባ፣ እርሷ በመዘምራን ልምምድ ይውላሉ። ማታ ሲገናኙ ወሬው “የመብራት ከፈልክ?”፣ “ልጁ መድኃኒቱን ወሰደ?” ከሚለው አያልፍም። ጠብ የለም፤ ቂምም የለም። ነገር ግን ቀስ በቀስ ባልና ሚስት መሆናቸው ይቀርና አንድን ቤት የሚያስተዳድሩ ሁለት ሠራተኞች ይሆናሉ። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ ምን የሚያወሩት ነገር ይቀራቸዋል?

የሩቁ አገር ጉዞ

በውጭ ያሉ ዘመዶቻችን የሚልኩልንን ፎቶግራፍ እናያለን። በስፔን ባርሴሎና፣ ቫሌንሲያና ማላጋ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ጥንዶች ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው ከአንዱ ወደ ሌላው በአውቶቡስና በባቡር ይጓዛሉ፤ ወጥ ቤቱን እንግዶች በጋራ በሚጠቀሙበት ርካሽ ማደሪያ ያድራሉ፤ ቀኑን በእግራቸው ሲዞሩ ይውላሉ። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ወደምትባል ከተማ የሚወስዱ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የታወቁ የእግር መንገዶች አሉ። ከመካከላቸው ይበልጥ የሚታወቀው ከፈረንሳይ ድንበር የሚነሣው ሲሆን 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው።

“እኛም አንድ ቀን እንሄዳለን” ማለት ክፉ ምኞት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ ወደ እስጳንያ ለመሄድ ማሰቡን በሮሜ 15 ላይ ሁለት ጊዜ ጽፏል። ይሁን እንጂ ለእኛ መንገዱ ውድ ነው። ለሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ብቻ አንድ አዋቂ ሰው 90 ዩሮ ይከፍላል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫና የአውሮፕላን ቲኬት ጉዳይም አለ። ለአብዛኞቻችን ይህ የዘንድሮ ጉዳይ አይደለም፤ ምናልባትም የከርሞም አይሆንም።

ታዲያ ትዳሩ እስከዚያ ይጠብቅ? አይጠብቅም። እነዚያን ጥንዶች የሚጠቅማቸው ባሕሩ ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉ። ሸክማቸው ቀላል ነው፤ አብረው ይራመዳሉ፤ ሲደክማቸው አብረው ያርፋሉ፤ መንገድ ሲጠፋቸው አብረው ይጠይቃሉ። ይህ ሁሉ ያለ ቪዛ ይገኛል። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከየካ ሰፈሮች ራስጌ፣ የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ተዘርግቷል። ብዙዎቻችን ሥሩ ተወልደን፣ ሥሩ ተድረን፣ ጫፉን ግን ከባለቤታችን ጋር አላየነውም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም አብረው የተጓዙ ባለትዳሮች አሉ። አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። ከሮም ተባርረው ወደ ቆሮንቶስ፣ ከቆሮንቶስ ወደ ኤፌሶን፣ በኋላም ተመልሰው ወደ ሮም ሄደዋል። በአዲስ ኪዳን ስማቸው 6 ጊዜ ይጠራል፤ ስድስቱንም ጊዜ የተጠሩት አንድ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ ከተማው

ጉዞውን በሦስት ቅዳሜዎች ከፍላችሁ ብታደርጉት ለልጆችም ለጉልበትም ይመቻል። የመጀመሪያው ቀን ለከተማው ይሁን። ማለዳ ከመገናኛ ተነሥታችሁ በሾላ ገበያ በኩል እለፉ። ዘወትር በታክሲ መስኮት የምታዩትን ሰፈር በእግር ስትሄዱበት ሌላ ቦታ ይመስላል። ቆሎና ዳቦ ግዙ፤ ዋጋ ተከራከሩ፤ ቁርሳችሁን በአንዲት ትንሽ ቤት ብሉ።

ከዚያ በእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር በኩል ወደ ቀበና፣ ከቀበናም ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ማቅናት ይቻላል። የሰፈሩ ስም በራሱ ታሪክ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ ልዑካን በእነዚህ ኮረብታዎች ግርጌ ሰፊ መሬት ተሰጥቷቸው ነበር። “ለጋሲዮን” የሚለው ቃል የዚያን ጊዜውን የልዑካን ጽሕፈት ቤት የሚያመለክት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር እየተጠያየቁ መሄድ ጥሩ ነው። “እናትሽ ወደዚህ ሰፈር መጀመሪያ የመጡት መቼ ነው?” ብሎ ሚስቱን ጠይቆ የማያውቅ ባል ስንት ይሆን?

ሁለተኛው ቅዳሜ፦ ዋሻ ሚካኤል

በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ የካ ኮረብታ ውጡ። በባሕር ዛፉ መካከል ዋሻ ሚካኤል የሚባል፣ ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጣራው በከፊል ፈርሷል። ስለ ዕድሜው የሚነገረው የተለያየ ነው፤ በፋሲካ ወይም በገና በዓል በቴሌቪዥን የምናያቸውን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያስታውሳል። እንዲህ ያለ ሥራ ከቤታችን በላይ እያለ ሳናየው ማርጀት ያሳዝናል።

ቦታው ለኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ቅዱስ ነው። ጠባቂውን አስፈቅዱ፤ የተጠየቀውን የመግቢያ ክፍያ ክፈሉ፤ ጫማ አውልቁ ከተባለ አውልቁ፤ እህቶችም ነጠላ ያዙ። ክርክር የሚነሣበት ቦታ አይደለም፤ እንግዳ ሆናችሁ ግቡ፣ አመስግናችሁ ውጡ።

ሦስተኛው ቅዳሜ፦ ጫፉ

ሦስተኛው ቀን የእንጦጦ ነው። የተራራው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታ ላይ በምንተነፍሰው አየር የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳር ከሚገኘው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሳንባቸውን ያሠለጠኑት በዚህ ተራራ ላይ ነው። እናንተ ግን ሯጮች አይደላችሁምና ቀስ በሉ። ከሁለታችሁ የሚደክመው ፍጥነቱን ይወስን። ብዙ ትዳር የሚጎዳው አንዱ ወደፊት ሮጦ ሌላውን “ምነው ዘገየህ? ምነው ዘገየሽ?” በማለቱ ነው።

ጫፉ ላይ ስትደርሱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ተመልከቱ። እንጦጦ ውሃ የሚከፍል ተራራ ነው። በደቡቡ ገጽ የወረደ ዝናብ በቀበናና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በሰሜኑ ገጽ በሱሉልታ በኩል የወረደው ግን ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይፈስሳል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦም ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይወርዳል። ባርሴሎናንና ማላጋን የሚያጥበው ያው ባሕር ነው። ስለዚህ የእስጳንያን ባሕር ዳር ስትመኙ የኖራችሁ ሁሉ፣ የዚያ ባሕር አንዱ ምንጭ ከቤታችሁ ጀርባ እንዳለ እወቁ።

ንጉሡ ጫፉን፣ ሚስታቸው ሜዳውን

እንጦጦ ራሱ የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ያለበት ተራራ ነው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እዚህ ከተሙ። ጫፉ ጠላትን ለመከላከል ይመቻል፤ ነገር ግን ብርዱ ይጠናል፣ ማገዶውም ይርቅ ነበር። ባለቤታቸው ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሜዳውን አዩና ወደዱት። በ1879 ዓ.ም ከተማዋ እዚያ ተቆረቆረች፤ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡላትም እርሳቸው ናቸው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ከተማው ግን ሚስታቸው ወዳዩት ሜዳ ወርዶ ቀረ። ዛሬ ሚሊዮኖች የምንኖርባት ከተማ አንዲት ሚስት ካየችው ነገር የተነሣች ናት። እናንተስ፣ ወንድሞች፣ ባለቤታችሁ አይታ የነገረቻችሁን ስንቱን ሰምታችኋል?

በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ቤተ መንግሥታቸው ይታያል። የዘመኑ ሰው ቤተ መንግሥት ሲባል በሚያስበው ዓይነት የተሠራ አይደለም፤ በጭቃና በእንጨት የተሠራ ነው። አብራችሁ ቆማችሁ እዩት። ስለ ቤት ጥበትና ስለ ኪራይ የምታነሡት ጭቅጭቅ ትንሽ ሊቀልላችሁ ይችላል።

በጀርባ የሚሸከሙት ሌሎች

በመንገድ ላይ ሌሎች ሸክም ያዘሉ ሰዎች ይገጥሟችኋል። የእንጦጦን ደን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ሲሆን፣ የማገዶ እጦቱን ለማስታገስ በስፋት ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ሴቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመው በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ ሲወርዱ ኖረዋል። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ሠላሳ ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም ሲመረቅ ከእነዚህ ሴቶች የተወሰኑት በፓርኩ ውስጥ ሥራ ማግኘታቸው ተገልጿል።

በእግር መንገድ የሚታወቀው ምክር የጀርባ ቦርሳ ከሰውነት ክብደት አንድ አሥረኛው አይብለጥ የሚል ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ኪሎ ማለት ነው። እናት ከዚያ አምስት እጥፍ ተሸክማ ስትወርድ እናንተ ለመዝናናት እየወጣችሁ ነው። መንገድ ልቀቁላት፤ “እንደምን ዋሉ እናቴ” በሉ፤ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። የባልና የሚስት ፍቅር በመንገድ ያለውን ሰው የማያይ ከሆነ ቤት ውስጥም ብዙ አይቆይም።

ከመነሣታችሁ በፊት

1. ቀኑን ቀድማችሁ ቁረጡ። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ይሻላሉ፤ በክረምት መንገዱ ጭቃና አዳላጭ ነው። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ እንደ ሰርግ ጥሪ አክብሩት።

2. ልጆቹን አደራ ስጡ። አያት ከሌለች በቤት ለቤት ኅብረታችሁ ካለ ሌላ ባለትዳር ጋር ተለዋወጡ። በዚህ ቅዳሜ እነርሱ ይጠብቁላችኋል፤ በሚቀጥለው እናንተ።

3. ስንቅ ቋጥሩ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝና በቴርሞስ ሻይ ይበቃል። ለእያንዳንዳችሁ ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። አባቶቻችን ሲራራ ነጋዴዎች በዚህ ስንቅ አገር አቋርጠዋል።

4. ልብስ ደርቡ። ጠዋትና ማታ ይበርዳል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሹራብ፣ ባርኔጣና የለመዳችሁት ጫማ ያስፈልጋል። አዲስ ጫማ በዚያ ቀን አትጀምሩ።

5. ለደኅንነታችሁ ተጠንቀቁ። በጫካው ውስጥ ብቻችሁን ከሚርቅ መንገድ ራቁ፤ ሰው የሚበዛበትን ወይም የፓርኩን መንገድ ያዙ። ወዴት እንደምትሄዱ ለቤተሰብ ንገሩ። ሲመሽ ጅብ ይወጣልና ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት መውረድ ጀምሩ። የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ሐኪም ሳያማክሩ ወደ ጫፉ አይውጡ።

6. ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ለድንገተኛ ነገር ያስፈልጋልና አንዱ ብቻ ክፍት ይሁን።

ምን እንነጋገር?

ብዙዎች የሚፈሩት ዝምታውን ነው። አትፍሩት። የመጀመሪያው ሰዓት በዝምታ ቢያልፍ ምንም አይደለም፤ እግር ሲሞቅ አፍም ይፈታል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ዓይን ለዓይን ስለማይፋጠጡ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚከብደው ነገር በመንገድ ላይ ይቀላል። ወደ ላይ ስትወጡ ያለፈውን አንሡ፦ መጀመሪያ የተዋወቃችሁበትን ቀን፣ አብራችሁ ያለፋችሁትን ችግር፣ የተመለሰላችሁን ጸሎት። ጫፉ ላይ ስንቁን ፈትታችሁ ብሉ፤ አንዳችሁ ለሌላው ጸልዩ። ወደ ታች ስትወርዱ የወደፊቱን ተነጋገሩ። የቤት ወጪንና የዘመድን ጉዳይ ግን ለሰኞ ተዉት። እርሱ የትም አይሄድም።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ አንድ ቀን ባሕር አቋርጣችሁ ባርሴሎናን ታዩ ይሆናል። ያን ጊዜ በጀርባችሁ ከምታዝሉት ቦርሳ ይልቅ አብራችሁ የሚሄደው ሰው ይበልጣል። አብሮ መሄድን ያልተለማመዱ ሁለት ሰዎች የትም አገር ቢደርሱ ለየብቻ ነው የሚደርሱት። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያውን አውርዱና ዛሬ ማታ፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት፣ አንድ ቅዳሜ ምረጡ። ጌታ መንገዳችሁን ያቅና።